ኔትወርኩ ያለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው

እሑድ፣ የካቲት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከቦሌ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተነሥተን አራት ሰዓት ያህል በረን ቤን ጉሪዮን ስንደርስ ገና አልነጋም። ሰዓቴን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩና የባቡሩን ምልክት እየተከተልኩ ወረድኩ። ለጉብኝት ነው የመጣሁት ብል ግማሹ እውነት ነው። በሻንጣዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ በላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ የአንድ ጎንደሬ አዛውንት የሕይወት ታሪክ አለ፤ አራት መቶ ገጽ ከነፎቶግራፉ፣ አርትዖቱ አልቆ እስከ ቅዳሜ አራት ኪሎ ካለው አሳታሚ እጅ መግባት ያለበት። ባሕር ዳር ቤቴ ተቀምጬ ልጨርሰው እችል ነበር። ነገር ግን አሽቀሎን የሚኖር ወዳጄ "ጋሼ፣ ና፣ ጀልባ ላይ አስተኛሃለሁ" ካለኝ ጀምሮ ልቤ ተነሥቶ ነበር። ጣና ዳር ያደገ ሰው ጀልባ ላይ አድሮ አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እኔ ግን አድሬ አላውቅም።

ባቡሩ በወታደር ጢም ብሏል። እሑድ እዚህ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ስለሆነ ሰንበትን ቤታቸው ያሳለፉት ልጆች ወደየጦር ሰፈራቸው ይመለሳሉ፤ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ስልካቸውን ቻርጅ ሰክተው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ከፊቴ ሹሩባ የተሠራች የእኛው ልጅ ነበረች፤ በአማርኛ ሰላም ልላት ፈልጌ እንቅልፏን ማቋረጥ ከበደኝ። ቴል አቪቭ ላይ ሃሃጋና በሚባለው ጣቢያ ወርጄ የአሽቀሎኑን ባቡር ያዝኩ። ጠቅላላው 16 ሸቅል ነበር፤ በዚያ ሰሞን ምንዛሪ ወደ 240 ብር ይመጣ ነበር። የብርቱካን ማሳ፣ የአሸዋ ክምር፣ አሽዶድ፣ እንደገና አሸዋ፣ ከዚያ የመጨረሻው ጣቢያ። ከጣቢያው እስከ አፍሪዳር አውቶቡስ፣ 5 ሸቅል ከ50።

አሽቀሎን የመጽሐፍ ቅዱሳችን አስቀሎና ናት፤ ሶምሶን ሠላሳ ሰው ገድሎ ልብሳቸውን የገፈፈባት። የባሕር ዳርቻዋን ደሊላ ብለው ሰይመውታል፤ ያን ሁሉ ካደረገችበት በኋላ ለሴትዮዋ የዋና ስፍራ መሰጠቱ አስገረመኝ። አፍሪዳር ግን የጥንቷ ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ አይሁድ ገንዘብ አዋጥተው የቆረቆሯት ሰፈር ናት፣ ስሟም ከዚያው ከአፍሪካ ነው የመጣው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ግቢያቸው ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ። መሐል አደባባይዋ ላይ የሰዓት ማማ አለ፤ በአቅራቢያው ደግሞ የሮማውያን ዘመን የድንጋይ የሬሳ ሣጥኖች፣ በጎናቸው ሙሉ ጦርነትና ፈረስ የተቀረጸባቸው፣ ለሕዝብ ይታያሉ። ከሣጥኖቹ አጠገብ የተሰለፉ ሱቆች አሉ፤ ከአንዱ ሲም ካርድ ከነዳታው በ60 ሸቅል ገዛሁ። ወዳጄ በኋላ ሲነግረኝ ዋጋው ርካሽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት አዳዲስ የሞባይል ኩባንያዎች እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የወሩ የስልክ ሂሳብ ሲመጣ እናቱ ደረታቸውን ይመቱ ነበር አሉ።

ወዳጄን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደር ዘመዶቹን ሊፈልግ መጥቶ ነው። በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን፣ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰድ፣ እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አማርኛውም የዘጠኝ ዓመት ልጅ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። "ጋሼ" ብሎ ይጀምርና "አንተ" ብሎ ይጨርሳል፤ ትዝ ሲለው ደንግጦ ወደ "እርስዎ" ይመለሳል። ሥራው የጀልባ ኤሌክትሪክ መጠገን ነው። ጀልባዋ የእሱ አይደለችም፤ ቤርሳቤህ የምትኖር የጥርስ ሐኪም ናት ባለቤቷ፣ እሱ ይጠብቅላታል፣ በልዋጩ ያድርባታል፣ እንግዳም ያሳድርባታል።

ከአፍሪዳር መሐል እስከ ማሪናው በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በትልልቅ ድንጋይ ክምር ከማዕበሉ የተከለለ ወደብ ነው፣ ስድስት መቶ ያህል ጀልባ ይይዛል፣ ከሩቅ የሚታየው የምሰሶ ጫካ ብቻ ነው። ስንቀርብ ድምፅ ሰማሁ፤ ነፋሱ ገመዱን ከአሉሚኒየሙ ምሰሶ ጋር እያጋጨ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ በየራሱ ጊዜ ይቃጨላል። ወዳጄ "ለምደኸው ትተኛለህ... ለምደውት ይተኛሉ" አለኝ። ጀልባዋ አሥር ሜትር ናት፣ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ ነጭ፣ ጎኗ ላይ አረንጓዴ የሸረሪት ድር መሳይ ዋቅላሚ ያለባት። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ መተላለፊያ፣ አፍንጫዋ ላይ ሦስት ማዕዘን አልጋ። ከመውጫው ድልድይ ላይ ሰማያዊ ሶኬት ያለው የመብራት ምሰሶና የውኃ ቧንቧ ቆሟል፤ መብራቱም ውኃውም ከዚያ ይሳባል። "ኢንተርኔቱስ?" አልኩት። ሳቀ። "እሱ ከሰማይ ነው፣ ግን አይወርድም።"

ሰኞ

በማለዳ ተነሥቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከዳርቻው ማዶ፣ ውኃውን ተሻግሮ መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቡና ቤት አለ፤ ባለቤቱ የወዳጄ ደንበኛ ስለሆነ የዋይፋዩን ቁጥር ሰጥቶታል። ምልክቱ ሙሉ ነው፣ መስመሮቹ በሙሉ ነጭ። ገጹ ግን አይከፈትም። እያሽከረከረ ይቆያል፣ ከዚያ ይተወዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ስንት ዓመት ኢንተርኔት ስጠቀም ገብቶኝ አያውቅም ነበር። ወዳጄ ሽቦ እየላጠ አስረዳኝ። ምልክቱን የሚያሳይህ የቡና ቤቱ ዕቃ ነው፣ ጉልበት አለው፣ እስከዚህ ይሰማል። መልስ የሚልከው ግን የአንተ ላፕቶፕ ነው። "እሱ ይጮኻል፣ የአንተ ያንሾካሹካል። ውኃ ማዶ ማን ይሰማሃል?" ኢንተርኔት ማለት መስማት ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዷን ቁራጭ "ደረሰኝ" ብሎ መመለስ ነው፤ መልሱ ካልደረሰ ላኪው አይቀጥልም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ነገሩ የማይሠራው ለዚህ ነው። ባሕር ዳርም በስንት ሆቴል በረንዳ ላይ በከንቱ አስተናጋጅ ተቆጥቻለሁ መሰለኝ።

በገዛሁት ሲም ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ሞከርኩ። ጀልባው ሆድ ውስጥ ስወርድ ራሴ ከድልድዩ በታች ነው ያለው፤ ግራ ቀኜ የሌሎች ጀልባዎች ምሰሶና ሽቦ ነው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከላይ ወለሉ ላይ ስወጣ ደህና ነው፤ ነገር ግን ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እያረፈ ፊደሉ አይታይም፣ የማየው የራሴን ግንባር ነው። ስለዚህ ሥራዬን በብርሃኑ ከፈልኩት፤ ንጋት ላይና አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከላይ፣ እኩለ ቀን ከታች ያለ ኢንተርኔት። ከላይ ስሠራ ሌላ ነገር መጣ፤ የላፕቶፑ ቁልፎች ይጣበቁ ጀመር። ጨው ነው። ነፋሱ ይዞት ይመጣል፣ ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል፣ እርጥቡ ጨው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረት ይበላል። ወዳጄ በቧንቧ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ሰጥቶኝ ማታ ማታ ሳልጠርገው እንዳልተኛ አዘዘኝ። የጣና ሰው ይህን አያውቅም፤ የእኛ ውኃ ቢነካህ ከማጠብ በቀር አያደርግህም።

ምሳ ፈላፍል በላሁ፣ 20 ሸቅል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ሁዳዴ ላይ ነን። ለእኛ ጾመኛ ይህ አገር ምቹ ነው፤ ሽምብራውን በፈላፍል ቢያመጡት በሁሙስ ቢያመጡት ያው ጾም ነው፣ ማንም ምን ልትበላ ነው ብሎ አይጨነቅልህም።

ማታ እናቱ ዘንድ ሄድን። ዕለቱ እዚያም ጾም ነበር፤ ጾመ አስቴር። ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉም ይጾሙት እንደነበር እማማ ነገሩኝ፤ በማግሥቱ ያለውን የፑሪም ጭፈራ ግን እዚህ መጥተው ነው ያዩት። በየደረጃው ሕፃናት የንጉሥ አክሊል ደፍተው፣ የሸረሪት ሰው ለብሰው ይሮጣሉ። እሳቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ መሬት አካባቢ ባለች ዱካ ተቀምጠው ፀሐይ መጥለቋን ይጠብቃሉ። ልጃቸው ቲቪ ላይ ሰዓት ቢያሳያቸው አላመኑትም፤ መስኮቱን ከፍተው ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ጠላውን ቀመሱ። ሽሮ በእንጀራ ቀረበ፤ የእሳቸው ጾም አለቀ፣ የእኔም ለዕለቱ ቀድሞ አልቆ ነበር፣ አንድ ገበታ ላይ በላን። ድሮ ጎንደር ሥጋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሳቸውም ይህን አስበው መሰለኝ ሽሮውን እያዩ ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ እንዴት ውኃ ላይ ታድራለህ?" አሉኝ። ልጃቸውን ደግሞ፣ "እንግዳ አንተ ይባላል?" ብለው ተቆጡ። እሱ እንግዳው ኢንተርኔት እንደቸገረው በዕብራይስጥና በአማርኛ ቀላቅሎ አስረዳ። እማማ ጥቂት አሰቡና፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሳሉ ሬዲዮ የነበረው ጎረቤታቸው ሽቦውን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይሰማ እንደነበር ተናገሩ። "ወደ ላይ ስቀሉት" አሉ። ወዳጄ እኔን አየ። "ያልኩህ እሱን ነው" አለ፤ አላለኝም ነበር።

ማክሰኞ

ሰቀልነው። ወዳጄ ከዕቃ ቤቱ ያመጣው ሣጥን ከመጽሐፍ ቅዱስ አይበልጥም፤ ውስጡ ሲም ካርድ ይገባል፣ ሬዲዮውም አንቴናውም በአንድ ላይ ነው፣ ዝናብ አይገባውም። ለምን አንቴናውን ብቻ ላይ ሰቅለን ሬዲዮውን ታች አናስቀምጥም ብዬ ጠየቅሁት፤ ረጅም የአንቴና ሽቦ ምልክቱን በመንገድ ላይ ይበላዋል። ስለዚህ ሬዲዮው ከአንቴናው ጋር ላይ ይሆንና ወደ ታች የሚወርደው ተራ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ በዚያው ገመድ መብራቱም ይወጣለታል። ላፕቶፑ የሚያገኘው የመጣውን ዳታ ብቻ ነው።

ምሰሶው አሥራ ሦስት ሜትር ነው። ወዳጄ ከሸራ በተሰፋ መቀመጫ ውስጥ ገባ፣ የሸራ መጎተቻውን ገመድ አሰርንበት፣ እኔ በእጅ የሚዞረውን መጠቅለያ እያዞርኩ አወጣሁት። ከታች ሆኜ የሰው ነፍስ በእጄ ይዤ ሳዞር ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እሱ ላይ ሆኖ በዕብራይስጥ ይዘፍናል። በድልድዩ የሚያልፉ ሰዎች፣ አንዱ የባሕር ወንበዴ ልብስ የለበሰ፣ ቆመው አጨበጨቡ፤ የበዓሉ ትርዒት አካል የመሰላቸው ይመስለኛል። ፑሪም ነው ለካ።

ገመዱን በምሰሶው ውስጥ አሾልከን ካወረድን በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሰካሁት። አሳታሚው ከትናንት ጀምሮ የላካቸው መልእክቶች ተከታትለው ወደቁ። አንዱ "የት ነህ?" ይላል፣ ቀጣዩም እንዲሁ።

ረቡዕ

ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማዩ የተሸፈነ። ሙሉ ቀን ሠራሁ፣ የሚጻፍ ብዙ የለም።

ከጎናችን የቆመች ጠባብ የብረት ጀልባ አለች፤ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ብቻውን ይኖርባታል። ከላርናካ፣ ከቆጵሮስ፣ ወደ 200 የባሕር ማይል በሁለት ቀን መጥቶ ነው። የብረት ጀልባ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ በቀላሉ አይገባም፤ እሱ ግን አይፈልገውም። አጭር ሞገድ ሬዲዮ አለው፣ ከሬዲዮው ጋር በሞደም የተያያዘ አሮጌ ላፕቶፕ አለው፣ በዚያ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ኢሜይል ይልካል። ለክፉ ቀን ደግሞ የኢሪዲየም የሳተላይት ስልክ። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እሱም በባሰ እንግሊዝኛ፣ ሂሳቡን በወረቀት አሰላልኝ፤ ስልኩ በሴኮንድ 2,400 ቢት ነው የሚያሳልፈው፣ ሦስት መቶ ፊደል እንደማለት። የነፋሱን ትንበያ የያዘ ትንሽ ፋይል ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ይወርዳል። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። የእኔን መጽሐፍ መጠን ጠየቀኝ፣ 180 ሜጋባይት። ጻፈ፣ አካፈለ፣ እንደገና አካፈለ። ሌትና ቀን ሳይቋረጥ ሰባት ቀን ያህል።

"ምንድን ነው በውስጡ ያለው?" አለኝ።

"የአንድ ሰው ሕይወት።"

"ታዲያ ብዙ አይደለም" አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ጆሮው ላይ ያደረገው ማዳመጫ ውስጥ የሚንጫጫውን ድምፅ አሰማኝ፤ እሱ ከዚያ ንፋስና ማዕበል ያነባል፣ እኔ ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት። ስንለያይ አንድ ምክር ሰጠኝ፤ ረጅሙን ነገር አትላክ፣ ቆርጠህ ቆርጠህ ላክ፣ አንዱ ቢወድቅ የወደቀውን ብቻ ትደግመዋለህ።

ሐሙስ

ወዳጄ የሞተሩን አዲስ ዲናሞ መፈተን ስለነበረበት ከወደቡ ወጣን። ወደ ደቡብ አይኬድም፤ የጋዛ ወሰን ከከተማዋ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባሕሩን ባሕር ኃይሉ ይዘጋዋል። በዚያ በኩል የሩተንበርግ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ብቻ ይታያሉ። እኛ ወደ ምዕራብ ቀጥ አልን። ሬዲዮው ቻናል 16 ላይ እንደተከፈተ ነው፤ በየጥቂቱ አንድ ሰው በዕብራይስጥ አጭር ነገር ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ምን እንደሚባባሉ አልገባኝም፣ ወዳጄም ጆሮውን ከመስጠት በቀር አልተረጎመልኝም።

እኔ ስልኬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ዳርቻው እየራቀ ሲሄድ ቤቶቹ ከታች ጀምሮ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ መጀመሪያ አሸዋው፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ መስኮቱ። ምድር ክብ መሆኗን ከትምህርት ቤት ወዲህ ያኔ አመንኩ። ወለሉ ላይ ለተቀመጠ ሰው አድማሱ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ላለው ሣጥን ግን አሥራ ሦስት፤ ከባሕሩ ማዶ ያለው የኔትወርክ ማማም በበኩሉ ከፍታ ስላለው ሁለቱ ገና ይተያያሉ። የእጅ ስልኬ ከሞተ በኋላ ላፕቶፑ ከነሙሉ ነፍሱ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ተማርኩ፤ በድሮው የጂኤስኤም ስልክ ምልክቱ ጥርት ብሎ ቢደርስም ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ማማው ለእያንዳንዱ ስልክ የሚናገርበትን ቅጽበት መድቦለታል፣ ከዚያ በላይ ርቆ ያለ ሰው ድምፅ ተራው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። በአድማሱ ላይ የታማር የጋዝ መድረክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጋዝ የሚያወጣው፣ ደብዘዝ ብሎ ቆሟል። ሠራተኞቹ ከዚያ ሆነው ከቤተሰባቸው ጋር በምን እንደሚነጋገሩ ማሰብ ያዝኩ፤ ወዳጄ ዲናሞውን እየነካካ ስለነበር አልጠየቅሁትም።

ጣና መሐል ላይ፣ ከዘጌ ወደ ደቅ ስትሻገር፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ይከትና ወሬ ይጀምራል። በደንገል ታንኳ የሚሄደው ገበሬማ ከመጀመሪያውም አልጠበቀውም። እዚህ ሲጠፋ ወዳጄ ፊቱ ይቀያየራል፤ ዕቃው ነው፣ ሥራው ነው።

ማታ ወለሉ ላይ ሻይ እየጠጣን፣ ይህ ሁሉ ዳታ በመጨረሻ ወዴት እንደሚሄድ አወራን። እስራኤል ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት መስመር በዋናነት ከባሕሩ ወለል በታች ነው፤ በቴል አቪቭና በሃይፋ በኩል ወጥቶ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ጣሊያን ይሄዳል። እኛ ባሕር የለንም። ስለዚህ ከባሕር ዳር የምልከው ኢሜይል በመሬት ተጉዞ፣ ብዙውን ጊዜ በጅቡቲ በኩል፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ይገባል። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ያኔ በስልክ መስመር እየጮኸ ሲገናኝ የነበረውን ድምፅ ለወዳጄ በአፌ አሰማሁት። ከብረቷ ጀልባ ፈረንሳዊው ሰምቶ ብቅ አለ። በማግሥቱ ማለዳ ገመዱን ፈትቶ እንደሚሄድ ነገረን፤ የንፋሱ ፋይል ዓርብ ማታ ከባድ ነገር እንደሚመጣ ነግሮታል።

ዓርብና ቅዳሜ

እውነቱን ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ የምሰሶዎቹ ቃጭል ወደ ጩኸት ተለወጠ። ወዳጄ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቱ ዘንድ መግባት አለበት። እሱ ሰንበትን አጥብቆ የሚጠብቅ አይደለም፤ እናቱ ቤት ሲገባ ግን ስልኩን ያጠፋል፣ እስከ ቅዳሜ ምሽት አይከፍትም። ገመዶቹን ሁሉ እጥፍ አድርጎ አስሮ፣ "ጋሼ፣ መብራት ከጠፋ ፍሪጁን ያጥፉ" ብሎኝ ሄደ። በትክክል "ያጥፉ" አለ፤ የእናቱ ቁጣ ሠርቷል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከድልድዩ የሚመጣው መብራት ጠፋ። ዝናቡ ይሁን፣ ሶኬቱ ይሁን፣ ማን ወይም ምን እንዳጠፋው አላወቅሁም፤ በዚያ ዝናብ ወጥቼም አላየሁም። ሠላሳ ገጽ ይቀረኛል። ፍሪጁን አጠፋሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሌሊት የሂሳብ ሌሊት ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው መለኪያ 12.4 ትላለች። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ነው፣ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ከግማሽ በታች አዘውትረህ ካወረድከው ይሞታል። ባትሪዋ መቶ አምፕ ሰዓት ናት፣ እንግዲህ የምነካው ሃያ አምስት ያህሉን ነው። ላፕቶፑ 60 ዋት ይበላል፣ በ12 ቮልት አምስት አምፕ ነው። ምሰሶው ላይ ያለው ሣጥን አንድ የማይሞላ። አራት ሰዓት አለኝ። የላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ሁለት ሰዓት ይጨምርልኛል።

ከዚህ በፊት ኢንተርኔትን በብር ነበር የማስበው፤ ይህን ያህል ብር ይህን ያህል ጊጋ። ያን ሌሊት በአምፕ አሰብኩት፣ በገጽም። የምሰሶውን ሣጥን ነቅዬ አርትዖቱን ጨረስኩ፣ በጭንቅላት መብራት፣ ጠረጴዛው እየተዘነበለ፣ የአዛውንቱ የልጅነት ፎቶዎች ግራና ቀኝ እየተንሸራተቱ። ሆዴ ተገለበጠ፣ ግን አልታመምኩም፤ ጾም ላይ መሆኔ ሳይረዳኝ አልቀረም። ሌሊቱ ገፍቶ የመጨረሻውን ገጽ ዘጋሁ። መለኪያዋ 12.2።

ሣጥኑን መልሼ ሰካሁ። ፋይሉን በአንድ ላይ ልልከው ስሞክር ነፋሱ ጀልባዋን ባጋደላት ቁጥር ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል። የፈረንሳዊው ምክር ትዝ አለኝ። መጽሐፉን ዘጠኝ ቦታ ቆረጥኩት፣ እያንዳንዱን 20 ሜጋባይት። አንዱ ሲሄድ ሦስት ደቂቃ፤ ሁለተኛው ወድቆ ተደገመ፤ አምስተኛው ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ያለ ጭንቅ ሄዱ። ልጅነቱ፣ ትዳሩ፣ ስደቱ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ በተራ በተራ ከምሰሶው ጫፍ ተነሥተው ሄዱ። ሲነጋጋ ዝናቡ አባርቷል፣ ከአፍሪዳር በኩል የአንድ ውሻ ጩኸት ይሰማል፣ የብረቷ ጀልባ ቦታ ባዶ ነው። ተኛሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ማለት ነው፣ ስልኬ ጮኸ። አሳታሚው ነው። "ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ክፍል 6 ግን አልከፈት አለ። በቴሌግራም ላክልኝ።"

በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፤ "ተከፈተ። ገጽ 212 ላይ ያለው ፎቶ ተገልብጧል።"

መለኪያዋን አየሁ። 12.1። ላፕቶፑን ይዤ ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ።